ሠላሳ አንዱ ጥቁር ስፖንጅ፦ የሶውዌል ሄርሊኖ ኢዮሃኒስ የሕይወት ታሪክ

ሶውዌል ሄርሊኖ ኢዮሃኒስ ከእናታቸው ከወይዘሮ ሮሴንዳና ከአባታቸው ከአቶ ኢዮሃኒስ እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 1948 በፖንፔይ ደሴት፣ በኪቲ ወረዳ፣ በኤኒፔይን መንደር ተወለዱ። ቀኑን ያገኘሁት ከሚሲዮኑ የጥምቀት መዝገብ ነው። እሳቸው ሲጠየቁ አንዴ መጋቢት፣ አንዴ ሰኔ ይሉ ነበር። ለጠየቀ ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ መስጠት አይወዱም ነበርና ከልደታቸው ቀን ጀምሮ ያልተጠራጠርኩት ነገር የለም። ይህን የማነብላችሁ እኔ ክላሪኔስ የእህታቸው ልጅ ነኝ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ "የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺ ጻፊው" ብሎ ጣለብኝ። ይህችን አባባል ከዚህ በፊትም ከአጎቴ አፍ ሰምቻታለሁ፤ ምን እንዳስከተለችብኝ በኋላ ትሰማላችሁ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። መምህራኑ አጎቴ በሒሳብ ጎበዝ እንደነበሩ፣ ስሌቱን አሳይ ሲባሉ ግን እምቢ እንደሚሉ ጽፈዋል። ትክክለኛውን መልስ ይጽፋሉ፤ እንዴት እንደደረሱበት አይናገሩም። ከትምህርት መልስ አባታቸው የጥልቅ ውኃ ዓሣ ማጥመድን አስተማሯቸው። ከቤታችን ጀርባ ካለው ወንዝ ጡጫ የሚያክል ጥቁር ድንጋይ ይለቀማል፤ መንጠቆውና ምግቡ በቅጠል ተጠቅልለው ከድንጋዩ ጋር በሚፈታ ቋጠሮ ይታሰራሉ። ድንጋዩ ክሩን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ታች ሲደርስ ክሩ ይሳባል፣ ቋጠሮው ይፈታል፣ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል፣ መንጠቆው በዓሣው አፍንጫ ሥር ይንሳፈፋል። እያንዳንዱ ውርወራ አንድ ድንጋይ ይበላል። ይህን ልብ በሉልኝ።

በ1971 ከወይዘሮ ሲሲሊህና ጋር በሥርዓት ተጋቡ፤ አራት ልጆችም ወለዱ። በ1989 ሶውዌል የተባለውን የማዕረግ ስም ከአለቃችን ተቀበሉ። ማዕረጉን ያስገኘላቸው አንድ ቦዬ፣ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ትልቅ ሥር ነበር። ስምንት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ለግብዣው ያመጣውን ያንን ቦዬ እዚህ ያላችሁ ሽማግሌዎች ታስታውሱታላችሁ። ስድስት ዓመት ከቤት ጀርባ ሲያድግ ማናችንም አላየነውም። ማለቴ በአጠገቡ ሁልጊዜ እናልፍ ነበር፤ የሰው ቦዬ አይታይምና ፊታችንን እናዞር ነበር። በዚህ አገር ያደገ ሰው አውቆ አለማየትን ቀድሞ ይማራል። አዋቂም ቢሆን ከሚያውቀው ጥቂት ያስቀራል፤ ሁሉን የተናገረ ይሞታል ይባላልና። አጎቴ በዚህ ሥርዓት የኖሩ ብቻ አልነበሩም፤ ሥርዓቱን ራሱ አንድ ሁለት ነገር ሳያስተምሩት አልቀሩም።

በ1999 ጠላቂዎቹ መጡ። እስከዚያ ድረስ ተመራማሪ የተባለ ሁሉ የሚያየው ፀሐይ የሚሞቀውን የላይኛውን ኮራል ነበር። እነዚህ የፈለጉት ከሠላሳ ሜትር በታች እስከ መቶ ሃምሳ ሜትር ያለውን፣ ብርሃን ጭላንጭሉ ብቻ የሚደርስበትን ነው። እዚያ ኮራሉ እንደ ሳህን ተዘርግቶ ያቺኑ ጭላንጭል ይለቅማል። መሪያቸው አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ሃዝል ጊልሞር ነበረች፤ ዛሬም ከፊት ተቀምጣለች። የሚተረጉምላት ሰው እዚህ ጋ ቀስ ይበል። ጠላቂዎቿ አረፋ የማያወጣ መሣሪያ ነበራቸው፤ የተነፈሱትን አጣርተው መልሰው ይተነፍሱታል። አጎቴ ለጀልባ ነጂነት ተቀጥረው በመጀመሪያው ቀን ውኃው ላይ አፈጠጡ፤ አንድም አረፋ የለም።

"ትንፋሹን የሚደብቅ ሰው፣ ሌላ ምን ደብቆ ነው የመጣው?" አሏት።

"ሶውዌል፣ ዓሣው እንዳይደነግጥ ብለን ነው እኮ።"

"ዓሣውስ ይሁን። እኔ ደንግጫለሁ።"

እንዲህ ተዋወቁ። ሁለቱም ተጠራጣሪዎች ስለነበሩ ወዲያው ተግባቡ። ለአራት ዓመት ያህል አጎቴ ጀልባውን ወደ ተለያየ ቦታ ሲነዱ፣ ዶክተሯም "የተሻለ ቦታ ያውቃሉ፣ አልነገሩኝም" እያለች ስትነዘንዛቸው ቆዩ። በ2003 በመጨረሻ አንድ እርከን አሳዩአት። ደሴቷን ከሚከበው የኮራል ግድግዳ፣ ከውጭው ሪፍ ማዶ፣ የባሕሩ ገደል ዘጠና ሜትር ጥልቀት ላይ ትከሻ የሚያወጣበት ቦታ ነው። እኔ ያኔ ከኮሌጅ ወጥቼ ከቡድኑ ጋር ቪዲዮ እያየሁ ዓሣ የምቆጥር ሠራተኛ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። በዚያ እርከን ላይ ሳይንስ የማያውቃቸው ሰባት ዓይነት ትናንሽ ዓሣዎች ተገኙ። አርባ አራት ትልልቅ ቀይ ዓሣዎችም ቆጠርኩ። ዶክተሯ በደስታ ከትንንሾቹ አንዱን በአጎቴ ስም ልሰይም አለች።

"እንዳታደርጊው!" አሉ አጎቴ። "ነገ ዓሣው ቢጠፋ ሄርሊኖ ጠፋ ሊባል ነው?"

ሁላችንም ሳቅን።

በሚያዝያ 2006 አያቴ ሮሴንዳ አረፉ። የልቅሶውን ግብዣ ታስታውሳላችሁ። አጎቴ የእናታቸው የበኩር ልጅ እንደመሆናቸው ለአለቃው፣ ለማዕረገኞቹና ለመላው ወገን የሚበቃ ማቅረብ ነበረባቸው። አሳማው፣ ቦዬው፣ ከተወቀጠ ሥር የሚጠመቀው መጠጣችን ሳካውው ሁሉ ቀረበ። ከዚያም በቅርጫት በቅርጫት ቀይ ዓሣ መጣ። ያንን የሚያክል ቀይ ዓሣ በአንድ ግብዣ አይተን አናውቅም ነበር። አዛውንቶቹ አመሰገኑ፣ ዘመድ ኮራ፣ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የሰው ዓሣ ከየት እንደመጣ አይጠየቅም። እኔም በላሁ። ከጭንቅላቱ ጀምሬ ነው የበላሁት፤ ጣፋጭ ነበር።

በ2008 ቡድኑ ተመልሶ ወደዚያው እርከን ካሜራ አወረደ። ከአርባ አራቱ ቀይ ዓሣ ሦስት ቀረ። ከዚህ ሌላ በመጀመሪያው ቪዲዮ ያልነበሩ ጥቋቁር፣ ክብ ክብ ነገሮች ኮራሉ መሃል ተቀምጠዋል። ሠላሳ አንድ ቆጠርኩ። አጎቴ ከጎኔ ስለነበሩ ስክሪኑን አሳየኋቸው።

"ይሄ ምንድነው አጎቴ?"

አጎንብሰው ረጅም ጊዜ አዩት። "የተማርሽው አንቺ ነሽ" አሉኝ።

"ስፖንጅ የሚባለው የባሕር ፍጥረት ይመስለኛል።"

"እንግዲህ ስፖንጅ ካልሽ ስፖንጅ ነው።"

ስፖንጅ ብዬ ጻፍኩት። በ2010 የታተመው ጽሑፋችን በጥልቁ እርከን ላይ ትልልቅ ዓሣዎች መመናመናቸውን፣ ጥቁር ስፖንጅ መብዛቱን፣ ምክንያቱም የውኃው ሙቀት መለወጥ ሳይሆን እንደማይቀር ይገልጻል። አጥማጅ እዚያ ጥልቀት አይደርስም ብለን የማጥመድን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋነው። ስሜ ከዶክተሯ ስም ቀጥሎ ተጻፈ። አጎቴ ወረቀቱን አጣጥፈው ከጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ አስቀመጡት። እንደኮሩብኝ አስቤ ነበር።

ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ይባላል። በ2017 ስለ ስፖንጅ ብቻ የሚያጠኑ አንድ ሽማግሌ ለዶክተሯ ደብዳቤ ጻፉላት። ቪዲዮዎቹን ሁሉ አይተዋል። "የእናንተ ስፖንጅ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ፀጉር ታህል አላደገም፣ አልቀነሰም፣ አልሞተም። እንዲህ ያለ ፍጥረት አላውቅም" ይላል። ዶክተሯ ደብዳቤውን ላከችልኝ። እኔም የቆየውን ቪዲዮ አጉልቼ አየሁት። ለስላሳ፣ ጥቁር፣ ጡጫ የሚያክል ነበር። አንደኛው ሥር የቅጠል ጅማት የመሰለ ነገር ታየኝ። የውጭው ሪፍ እስከ ሥሩ ነጭ ኮራል ነው። ጥቁር ድንጋይ ያለው በየወንዛችን ነው፤ የወንዝ ድንጋይ ደግሞ የውስጡን ባሕር አቋርጦ፣ ሪፉን ዘሎ፣ ዘጠና ሜትር አይወርድም። ተሸካሚ ያስፈልገዋል። ከእርከኑ ዳር ወደ ጥልቁ ተንከባልለው ያልቆጠርኳቸውም ይኖራሉ። ከወንበሬ ተነስቼ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው ወንዝ ሄድኩና አንዱን አነሳሁ። የአሥራ አራት ዓመት ሥራዬ መዳፌ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ያንኑ ድንጋይ ይዤ ሄጄ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩት።

"ስፖንጅ አመጣሁልዎ" አልኳቸው።

"አሁን ገና ተማርሽ" አሉኝና ቦዬአቸውን መላጥ ቀጠሉ።

በጣም ተናደድኩ። ሁለት ዓመት በሥነ ሥርዓት ላይ ካልሆነ በቀር አላነጋገርኳቸውም። ንዴቱ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አለቀቀኝም፤ በሬሳቸው ፊት መዋሸት ስለማልፈልግ ነው የምናገረው። ግን እኔም ለዶክተሯ አልጻፍኩላትም። ለሽማግሌው "እየተጣራ ነው" ብዬ መለስኩላቸው። ዘመድ ላለማዋረድ ነው እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ስሜ ያለበትን ወረቀት ለማዳን እንደሆነ ግን አውቀው ነበር። የአጎቴ የእህት ልጅ መሆኔን ያን ጊዜ አረጋገጥኩ።

የስኳር ሕመማቸው በዚህ ዓመት ኩላሊታቸው ላይ ወጣ። በሐምሌ ወር ሐኪሞቹ ወደ ቤት ሲመልሷቸው መናገር ጀመሩ። መጀመሪያ የጎደሬውን ማሳ ድንበር ለታላቁ ልጃቸው ተናገሩ። ቀጥለው ለትኩሳት የሚሆነውን ቅጠል ተናገሩ። ከዚያ የቦዬውን አተካከል። አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ቤቱ ይሸበር ነበር። ወይዘሮ ሲሲሊህና "አንተ ሰውዬ፣ ዝም በል! ጨርሰህ ልትሄድብኝ ነው?" እያሉ በእጃቸው የአጎቴን አፍ ይከድኑ ነበር።

ሐምሌ 30 ቀን እኔን አስጠሩኝ። ከአልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ።

"ያንን እርከን የጨረስኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ሦስት ሳምንት። ለእናቴ።"

"አውቃለሁ። ግን ለምን እዚያ? እየቆጠርነው አልነበረም ወይ?"

"ካሳየኋችሁ በኋላ ምኑ የኔ ነው? የተነገረ ቦታ የማንም ነው። የማንም ከሆነ ዘንድ ለእናቴ ይሁን አልኩ። የራሴን አልነካሁም።"

"የራስዎን?"

ያን ጊዜ ሌላ እርከን መኖሩን ነገሩኝ። ምልክቱን፣ ከጀልባው ሲታይ የትኛው ተራራ ከየትኛው ደሴት ጋር ሲገጥም እንደሆነ፣ ጥልቀቱንም ጭምር ነገሩኝ። አላመንኳቸውም። ላም አለኝ በሰማይ ዓይነት ወሬ መሰለኝ።

"እውነት አሁን ጨረሱ? የቀረ የለም?"

ከትራሱ ላይ ሆነው ሳቁ። "እሱንም ጠርጥሪው" አሉኝ።

ሶውዌል ሄርሊኖ ኢዮሃኒስ ነሐሴ 9 ቀን 2019 ማለዳ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ አረፉ።

ትናንት ጠዋት እናንተ ሳካውውን ድንጋይ ላይ ስትወቅጡ ሁለት ሰዎች ከልቅሶው ጠፍተው ነበር። የት ሄዱ ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስላልጠየቃችሁም አመሰግናለሁ። አንዷ እኔ ነኝ፤ ካሜራ ይዤ። ጀልባውን የያዙት ወይዘሮ ሲሲሊህና ናቸው። "ባሌ ሳይቀበር ባሕር ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ብቻሽን አትሄጂም" ብለው ተከተሉኝ። ከሪፉ ከወጣን በኋላ አቅጣጫውን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ጀልባውን ቀድመው አዞሩት። ምንም አልነገርኳቸውም። ተራራው ከደሴቱ ጋር ሲገጥም ሞተሩን አጠፉና ባሕሩን ትተው ወደ ሰማይ ማየት ጀመሩ።

"እርስዎም ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"ምኑን?" አሉኝ።

ለኔ ብቻ የነገሩኝ መስሎኝ ነበር። አጎቴ እስከ መጨረሻው እንዲህ ነበሩ።

ካሜራው ዘጠና አምስት ሜትር ወረደ። ኮራሉ ሳህን በሳህን ላይ ተደርቦ ገደሉን ሞልቶታል። ከሰባቱ ትናንሽ ዓሣዎች አምስቱን ለየሁ፤ የማላውቃቸው ሌሎችም ነበሩ። ቀዩን ዓሣ እስከ ስልሳ ቆጥሬ ተውኩት። ከዚያ ዓሣውን ትቼ ድንጋይ መፈለግ ጀመርኩ። ከዳር እስከ ዳር ፈለግኩ። አንዲት ጥቁር ድንጋይ አጣሁ። ሃምሳ ዓመት የሚያውቁትን ቦታ ለማዕረጋቸውም፣ ለልጆቻቸው ሠርግም፣ ለእናታቸው ልቅሶም አልነኩትም። እዚያ ጀልባ ላይ አለቀስኩ። ወይዘሮ ሲሲሊህና አሁንም ሰማይ ሰማዩን እያዩ እጄን ያዙኝ።

ከሰዓት በኋላ ስለ ድንጋዮቹ ለዶክተር ጊልሞር ሁሉንም ነገርኳት። ሁለት ዓመት መደበቄንም ጭምር።

"ስንት ነበሩ ያልሽኝ?" አለች።

"ሠላሳ አንድ።"

መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ዓይኖቿን በመዳፏ ሸፈነች። "ጽሑፉን እንሰርዘዋለን" አለች። እንሰርዘዋለን። ስለ ሁለተኛው እርከን ጠየቀችኝ፤ መኖሩን ነገርኳት። የት እንደሆነ ስትጠይቀኝ የማዶውን ተራራ አየሁ። ሃያ ዓመት እዚህ ስለኖረች ደግማ አልጠየቀችኝም።

ይህን ሁሉ በቀብር ቀን የማነበው አጎቴን ላዋርድ አይደለም። የፊታችን ሐሙስ አለቃችንና የወረዳው ምክር ቤት የውጭውን ገደል ለባዕድ የመንጠቆ ጀልባዎች ይከፈት ወይስ ይዘጋ ብለው ይመክራሉ። የጀልባዎቹ ባለቤቶች በእጃቸው የያዙት የኔን ጽሑፍ ነው፤ "ዓሣውን ያጠፋው ሙቀቱ እንጂ መንጠቆ አይደለም" ይላሉ። ስለዚህ እውነቱ ይሰማ። ያንን እርከን የጨረሰው አንድ ሰው ነው፤ በአንዲት ጀልባ፣ በወንዝ ድንጋይ፣ በሦስት ሳምንት። ዓሣው ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላም አልተመለሰም። ሌላው እርከን የት እንዳለ አለቃችን ቢጠይቁኝ በታላቅ አክብሮት አልናገርም። የተነገረ ቦታ የማንም ነውና። ቦታውን ስለማያውቁ፣ እንዳይሳሳቱ፣ ከዳር እስከ ዳር ገደሉን ሁሉ መዝጋት ይኖርባቸዋል። አጎቴ ምልክቱን ለኔ የሰጡኝ ለዚህ ይመስለኛል። ይመስለኛል ያልኩት እርግጠኛ ስላልሆንኩ ነው።

ሶውዌል ሄርሊኖ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሲሲሊህናን፣ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ፣ አሥራ አንድ የልጅ ልጆች፣ አንዲት እህትና ይህን ያነበበችላችሁን የእህት ልጅ ትተው አልፈዋል። ለአራት ቀን ላለቀሳችሁ፣ ለወቀጣችሁ፣ ለተሸከማችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን በብርሃኑ ያሳርፍልን። በፊቱ ቆመው ሲጠየቁ ሁሉን በአንድ ቀን አይናገሩም፤ እሱ ጊዜ አለውና ይታገሣቸው። ለእኛ ለቀረነው ግን የሚበቃንን ነግረውናል።